በእናቷ ድምፅ ላይ የቀዳሁት ዘፈን

አሥራ ስድስት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ። ለአጎቴ ሚስት አልነገርኳትም፤ አግብቼው ለፈታሁት ሰው አልነገርኩትም፤ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ ሌላ ሌላውን እለምናለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ በስሙ ልጥራው። የአንዲት እናት ድምፅ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጠፋ አላልኩም። በስህተት ጠፋብኝም አላልኩም። አጠፋሁት። በአማርኛ የበደለም ሰው አጠፋ ይባላል፣ የተቀዳ ድምፅ የደመሰሰም አጠፋ ይባላል። እኔ በአንድ ቀትር ሁለቱንም ሆንኩ።

ጅቡቲ የመጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ድሬዳዋ ሞተች፤ አባቴ ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ፤ አዲሷ ሚስት ዓይኔን ማየት ስላልወደደች ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ላከኝ። አጎቴ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ክፉ ሰው አልነበረም። አበላኝ፣ አለበሰኝ፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር ሰጠኝ። ግን እናቴን አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ሚስቱ አዴ ሩቂያም ሳለቅስ ካገኘችኝ፣ «አላህ ለወሰደው አይለቀስም» ብላ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠርጋኝ ትሄዳለች። በደግነት ነው። እኔ ግን የተጠረገ ፊቴን ይዤ የማለቅስበት ቦታ አጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀስኩም።

ብርቄን ያገኘኋት እዚያው ሱቅ ነው። ሙሉ ስሟ ብርቅነሽ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ከሐይቅ። ወደ የመን ልትሻገር መጥታ ያመጣት ደላላ ጥሏት ጠፋ፤ እሷም ፈረንሳዮች ቤት ሠራተኛ ሆና ቀረች። ለመዳሟ የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ በፈረንሳይኛ ስትንተባተብ፣ «በአማርኛ ንገሪኝ እንጂ» አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ባትገዛም ትመጣ ነበር።

ፈረንሳዮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ካርቶን ሰጧት። ውስጡ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረበት፤ ከሥሩ ደግሞ ሠላሳ የሚያህሉ ካሴቶች። አዲሷ አሠሪዋ ቤት ማስቀመጫ ስላልነበራት ወደ እኛ ሱቅ ጓዳ አመጣችው። ጅቡቲ ቀትር ላይ ጫቱ ሲገባ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ወንዱ ሊቅም ይሄዳል፣ ሴቱ ይተኛል፤ እስከ አሥር ሰዓት ከተማው የለም። ብርቄ ማክሰኞና ዓርብ በዚያ ሰዓት ትለቀቃለች። ጓዳውን ከውስጥ ቆልፈን፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ በጀርባችን ተጋድመን፣ ቴፑን በመካከላችን እናደርገዋለን።

የመጀመሪያውን ካሴት ስንከፍት ጩኸት ብቻ መስሎን ልንዘጋው ነበር። ቆይቶ ጩኸቱ ወደ ኋላ አለና አንድ ጊታር ብቻውን ቀረ። ከጊታሩ ሥር አንድ ወንድ፣ ዘፋኝ የማይመስል፣ ለብዙ ቀን ከሰው ጋር ያልተነጋገረ የሚመስል ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ሮክ እንደሚባል የሰማሁት ኋላ ነው። እንግሊዝኛ ነው፤ አንድም ቃል አናውቅም። የሚለውን ስለማናውቅ ይሆን እኛን የመሰለን? ብርቄ ጣሪያውን እያየች፣ «ይሄ ሰውዬ እናቱ ሞታበታለች» አለች።

አለቀስኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጤ እስኪወርድ። ብርቄ ፊቴን አልጠረገችኝም። እጇን ዘርግታ ድምፁን ጨመረችው።

ያን ቀን ያገኘሁትን ነገር እንዴት ላስረዳችሁ? ከዚያ በፊት ሐዘኔ የኔ ብቻ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች፣ በማላውቀው አገር፣ ጊታር ይዘው ለዚያው ነገር ቦታ አዘጋጅተውልኛል። ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ። ብርቄም እንደዚያው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሐዘን እናወጣለት ነበር፤ ይሄኛው ሚስቱ ትታው ሄዳለች፣ ያኛው ወንድሙን ባሕር በልቶበታል፣ «ይሄ ደግሞ ምንም አልሆነም፣ እንዲሁ ጠባዩ ነው» ስትለኝ በእንባችን ላይ እንስቃለን። ከዚያ ወዲህ በዕድሜዬ እንደነዚያ ቀትሮች የኖርኩበት ጊዜ የለም።

የእሷን ሐዘን የነገረችኝ ከዘፈኖቹ በአንዱ ስር ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እናቷ እሺ ብላ፣ ድግሱ ተደግሶ ሳለ ነው ከቤት የጠፋችው። እናቷ ደሴ የሚወስደው መኪና ዘንድ ደረሰችባት። አስፋልቱ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ጡቷን አውጥታ፣ «የጠባሽው ጡቴ ይፍረድብሽ! ሄደሽ አይቅናሽ!» አለቻት። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ብርቄ በመስኮት ወደ ኋላ አላየችም። እርግማኑን ግን ይዛው መጣች። ደላላው ሲክዳት እርግማኑ ነው፤ እጇን ዘይት ሲያቃጥላት እርግማኑ ነው።

«ይቅር ትበለኝ ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ አንድ ቀን። ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር። ጻፍኩላት። በሕይወቴ የጻፍኩት ጥሩ ደብዳቤ እሱ ነው። ጋሽ ታደሰ ለሚባል ሹፌር ሰጠሁት። አሰብ ከተዘጋ በኋላ የአገራችን ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ወደብ ነበር የሚገባው፤ ጋሽ ታደሰም ከወደቡ ጭኖ በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ ያራግፋል፤ ሐይቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ለልጆቹ ጨርቅ የሚገዛው ከእኛ ነው። ብርቄን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የሚያውቀው እኔን ነው።

ከወር በላይ ቆይቶ፣ እሁድ ጠዋት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ከአሮጊቷ ነው። በእጇ ስጫት አደራ» ብሎኝ ሄደ። ወረቀቱ ላይ በልጅ ጽሕፈት «ለብርቅነሽ» ይላል። ውስጡ ካሴት ነው። ያን ጊዜ መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር።

ማክሰኞ እስክትመጣ ሁለት ቀን አለ። ያ ካሴት የኔ አልነበረም። ቀትር ላይ ጓዳውን ቆልፌ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሳል መጣ፣ ረጅም ሳል። ከዚያ ድምፅ። እንደሰማሁት ልጻፈው፤ ከኔ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ።

«ብርቅነሽ፣ እናትሽ ነኝ። ወደዚህ ተናገሪ ብለውኝ ነው። ትሰሚኛለሽ? ደብዳቤሽን የቄሱ ልጅ አነበበልኝ፤ ሦስቴ አስነበብኩት። ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ያወጣሁትን ቃል አንስቼዋለሁ። እግዜርም ያንሳው። የጠባሽው ጡቴ ይባርክሽ። አንቺም እናቴ ተናዳ ነው ብለሽ ይቅር በይኝ። ሰውየው ሌላ አግብቶ ወልዷል፤ ማንም ክፉ ቃል አይናገርሽም። ደረቴን እያመመኝ ነው። ነይ ልጄ። በእግርሽም ቢሆን ነይ።»

ከዚያ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ ስለ ዝናቡ። እየሳለች፣ እየተመለሰች፣ የካሴቱን አንድ ገጽ ሙሉ ማለት ይቻላል አወራች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ብርቄን እወዳታለሁ አልኩ አይደል? የምትወዱት ሰው ሸክም ሲወርድለት ምን ይሰማችኋል? እኔ የተሰማኝን ልንገራችሁ፦ ብርድ። ብርቄ ይህን ከሰማች ወር አትቆይም። ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ አውጥታ እየሳቀች ትሄዳለች። እኔስ? ጓዳው ውስጥ ብቻዬን ልጋደም ነው? ይህንን ደግሞ ተመልከቱ፤ የሷ እናት ከሩቅ አገር ተናገረች፣ የኔ እናት ግን ምንም አትልም። ቀናሁ። በሰው እናት ድምፅ ቀናሁ።

እሁድን አሰብኩ። ሰኞንም አሰብኩ። በቁጣ አላደረግኩትም፣ ሳላውቅም አላደረግኩትም። ሁለት ቀን ሙሉ እንጀራ እየበላሁ፣ ጨርቅ እየለካሁ አሰብኩበት።

ካሴቱን የላከው ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸዋል፤ እነሱ ከተሰበሩ በላዩ አይቀዳም። ግን ቀዳዳዎቹን ከደፈኗቸው ይቀዳል። «ለብርቅነሽ» የሚለውን ወረቀት ቀደድኩ፤ አኝኬ አለሰለስኩት፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ጠቀጠቅኩት። ከዚያ ብርቄ የምትወዳቸውን ዘፈኖች ብቻ መርጬ፣ አንድ በአንድ፣ በእናቷ ድምፅ ላይ ቀዳሁ። ሁለቱም ካሴቶች ጎን ለጎን ይዞሩ ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁ። በማንኛዋም ደቂቃ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

ማክሰኞ ሰጠኋት። «ስጦታ ነው፤ የምትወጃቸውን ሰብስቤልሽ ነው» አልኳት። ለምን ሰጠኋት? ለምን ቆሻሻ ውስጥ አልጣልኩትም? ስጦታ ካልኩት ስጦታ የሚሆን መስሎኝ ይሆናል። ብርቄ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ተጋድመን ሰማነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል፣ ቴፑን ሳቆምና ሳስነሳ ያመለጠኝ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሳል ወጣ። አንድ ብቻ።

ብርቄ ሳቀች። «ውይ፣ ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው የሚዘፍነው» አለች።

የእናቷን ሳል ሰምታ ነው የሳቀችው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

«ከአገር ምንም አልመጣም?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፣ በመጣች ቁጥር። «አልመጣም።» ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሁለተኛ ደብዳቤ እንጻፍ አለችኝ። ጻፍኩላት፤ አንብቤም አሰማኋት፤ ለማንም ግን አልሰጠሁትም። ጋሽ ታደሰ ከወራት በኋላ ሲመጣ፣ «ካሴቱን ሰጠሻት? አሮጊቷ ነፍሴን በላችኝ» አለኝ። «ሰጥቻታለሁ፤ በጣም ደስ ብሏታል፤ እመጣለሁ ብላለች በላቸው» አልኩት። አያችሁ? ልጅቷን እናትሽ አልማረችሽም አልኳት፤ እናቲቱን ልጅሽ እየመጣች ነው አልኳት። እዚያ ማዶ አንዲት የታመመች ሴት መንገድ እንድትጠብቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ብርቄ ግን አልቀረችልኝም። ይህንን ለማስቀረት ነበር ሁሉን ያደረግኩት፤ አልቀረችም። በዓመቱ አንድ ዓርብ መጥታ፣ ኦቦክ ላይ ወደ የመን በጀልባ የሚያሻግር ሰው እንዳገኘች ነገረችኝ።

«ባሕሩን አትፈሪም?» አልኳት።

«እናቴ ካልማረችኝ ወደ ኋላ አገር የለኝም» አለችኝ። «ወደፊት ልሂድ እንጂ ምን ላድርግ?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ምራሻለች» ብል ይበቃ ነበር፤ እንዴት አወቅሽ ብትለኝ እንኳ ሌላ ውሸት አላጣም። ውሸት መቼ አጥቼ አውቃለሁ? ግን ከተናገርኩ ትጠላኛለች። ተጠልቼ ከምቀር ባሕር ላይ ትውጣ አልኩ። እንዲህ ብዬ በቃል አላሰብኩትም፤ ያደረግኩት ግን ይህንን ነው። ካሴቷን ይዛ መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ያቺኑ ካሴት። አውጥቼ ሰጠኋት፤ በፌስታልም ጠቀለልኩላት።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ታደሰ ለመጨረሻ ጊዜ ሱቃችን መጣ፤ ሥራውን ሊተው ነበር። «አሮጊቷ አረፉ» አለኝ። «እስከ መጨረሻው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙሩልኝ ይሉ ነበር።» ከዚያ ለሴት ልጁ የሚሆን ሁለት ሜትር ጨርቅ እንድቆርጥለት ጠየቀኝ። ቆረጥኩለት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያንን የመጀመሪያውን ዘፈን መስማት አቃተኝ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አላቃተኝም። ዛሬም ሃያብለ ሰፈር ባለው ቤቴ፣ በስልኬ፣ እሰማዋለሁ። አሁን ቃሉንም በከፊል አውቀዋለሁ። ዛሬም ያጽናናኛል። ያ ሰውዬ ዛሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ፣ ምን እንዳደረግኩ ሳያውቅ፣ አይዞሽ ይለኛል። ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ መጽናናቴ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የየመን ጦርነት ሰዉን በጀልባ ወደ እኛ ሲመልሰው፣ አንዲት ጥቁር ዓባያ የለበሰች ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች። አላወቅኳትም። «ሙኒ» አለችኝ። እንዲህ ብላ የምትጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ናት።

ስምንት ቀን ቤቴ ተቀመጠች። ሰነዓ ውስጥ ሰው ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው። አንድ የአገሯን ልጅ አግብታ ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ጨንግፎባታል፤ ሰውየውም ሄደ። የእናቷን ሞት የሰማችው ከዘመድ በስልክ ነው፤ ካርዱ አልቆ «አረፈች» ከሚለው በቀር ሌላ አልሰማችም። ካሴቷስ? ጀልባው ሲከብድ ዕቃችሁን ወርውሩ ተብለው ከፌስታሉ ጋር ባሕር ገባች። ዘፈኖቹን በስልኬ ከፈትኩላት። ትንሽ ሰማች፤ ከዚያ፣ «ዝጊው፣ ራሴን አሞኛል» አለች።

በሰባተኛው ቀን ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ ሳህኑን እየሰበሰበች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ሙኒ፣ ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ምናልባት አሳምረን አልጻፍነውም ይሆን?»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ከራሷ ስትፈልግ ኖራለች። ከእርግማኑ፣ ከማህፀኗ፣ ከደብዳቤው አጻጻፍ። እኔ ጋ ፈልጋው አታውቅም። ምን አልኳት መሰላችሁ?

«አሳምረን ጽፈነዋል» አልኳት።

«እንግዲያስ አልማረችኝም ማለት ነው» አለች፤ ሳህኖቹንም ይዛ ወጣች። በማግስቱ ወደ አገሯ ተሳፈረች። እህቷ ቤት ነው ያለችው፣ ሐይቅ።

ከተሳፈረች በኋላ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ሐይቅ ውስጥ የቄሱ ልጅ አለ። ካሴቱን የቀዳ ሰው አለ። እህቷ አለች። አሮጊቷ ካሴት እንደላከች፣ ደርሷታል እንደተባለች፣ እመጣለሁ ብላለች የሚል መልስ እንደመጣላት የሚያውቁ ሰዎች መሃል ነው ብርቄ የገባችው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቀኑ ዛሬ ነው እላለሁ። እሷ ግን ትደውልና ስለ እህቷ ልጆች ታወራኛለች።

ባለፈው ወር እኔ ደወልኩ። ልነግራት ነበር። ይኼ እንኳ እውነት ነው፤ ከደወልኩ በኋላ እስክታነሳ ድረስ ልነግራት ነበር።

«ሰዎቹ ስለ እናቴ ብዙ ነገሩኝ» አለችኝ ሰላምታ ስንጨርስ።

ከዚያ ዝም አለች። የመስመር ብልሽት አልነበረም፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ጠበቀችኝ። ታውቃለች? ካወቀች ለምን አልሰደበችኝም? ካላወቀች ለምን ዝም አለች? ምን ነገሩሽ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። እኔም ዝም አልኩ።

«ዘንድሮ ጥሩ ማር አለ» አለች በመጨረሻ። «ልላክልሽ?»

«ላኪልኝ» አልኳት።

በአሥራ አምስት ቀኑ በአንድ ሹፌር እጅ ደረሰኝ፤ ነጭ ማር፣ ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ። እያለቀስኩ አልበላሁትም። ዝም ብዬ ነው የበላሁት።

ብርቄ ድሮ እነሱ ዘንድ ለቄስ ይነገራል ብላኝ ነበር፤ ቄሱ ሰምቶ ንስሐ ይሰጣል። እኛ ዘንድ የለም። የአላህን አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረ አይማርም ብለው ነው ያስተማሩን። ስለዚህ እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። ልጅ ነበርኩ፣ እናት አልነበረኝም፣ ብቻዬን ነበርኩ አልልም፤ እሷም ልጅ ነበረች፣ እሷም ብቻዋን ነበረች። አፉ በይኝ የምላት ሰው አለችኝ። ስልክ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ።